የሐዋሳው አባ ኮዳ የት ይኖራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ የመጣ እንግዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ሳይቀምስ አይመለስም። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ከጥብሱ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው አባ ኮዳ በሚባለው ግዙፍ ወፍ ላይ ነው። ወዲያው ጥያቄው ይጀምራል። ምንድን ነው? ከየት መጣ? ሌላ አገርም አለ? እኛ የከተማዋ ልጆች አብረነው ስላደግን እንደ መብራት ምሰሶ ለምደነው አንጠይቅም። እንግዳ ሲጠይቀን ግን መልሱ ይጠፋናል።

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መኖሪያውና ስለ ስርጭቱ ናቸው። ስለ ጠባዩም ጨምሬያለሁ። ጠባዩን ሳያውቁ ለምን እዚህ እንደሚኖር ማወቅ አይቻልምና።

አባ ኮዳ አሞራ ነው?

አይደለም። ራሱና አንገቱ ራሰ በራ ስለሆነና ጥንብም ስለሚበላ ብዙ ሰው ከጥንብ አንሳ ጋር ይመድበዋል። ዘሩ ግን ሽመላ ነው። ረጅም እግሩና ረጅም ምንቃሩ የሽመላ ነው። የጥንብ አንሳ ምንቃር ጫፉ የታጠፈ፣ ሥጋ የሚቀድ ነው። የአባ ኮዳ ምንቃር ቀጥ ያለና ወፍራም ነው። ይይዛል፣ ይወጋል፣ መቅደድ ግን ብዙም አይሆንለትም።

የሳይንስ ስሙ ሌፕቶፕቲሎስ ክሩሜኒፈር ነው። በዚህ ዝርያ ስም እ.ኤ.አ. በ1831 የመዘገበው ፈረንሳዊው ሬኔ ሌሶን ነበር። በውጭው ዓለም ማራቡ በሚል ስም ይታወቃል። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ክብደቱ እንደ ዕድሜውና እንደ ጾታው ከ4 እስከ 9 ኪሎ ነው፤ ወንዱ ይገዝፋል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል፣ ትልልቆቹ ያልፉታል። በምድር ላይ ካሉት በራሪ ወፎች ከግዙፎቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ግን ከዓሣ ቅርፊት ጋር እናየዋለን፣ ስለዚህ ትልቅነቱን እንረሳዋለን።

ለምን አሞራ ገደል ላይ እንዲህ በዛ?

ቀላሉ መልስ ዓሣ ስላለ የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዓሣውን እንይ። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በብዛት የሚያወጡት ቆሮሶ ነው። አምባዛም አለ፣ ቢልጫም አልፎ አልፎ ይገኛል። ጠዋት ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ ልጆቹ ቆሮሶውን ከመረብ እያላቀቁ ይከምሩታል። አጽጂዎቹ ደግሞ ቢላቸውን ስለው ቆዳውን ይገፋሉ፣ ፊሌቶውን ያወጣሉ። ራሱ፣ አጥንቱና አንጀቱ ይጣላል። አባ ኮዳ ከአጽጂው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ዓይኑ የልጁን እጅ ይከተላል። ቁራጩ ገና አየር ላይ እያለ ምንቃሩ ተከፍቷል። አያኝክም። ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ የቆሮሶው ጭንቅላት በላባ አልባው አንገቱ ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ እብጠቱ በዓይን ይታያል። ቀርባችሁ ካያችሁት ቆዳው ሐምራዊና ቀይ የተቀላቀለበት ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ አናቱ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሱ ቃጫዎች ቆመዋል።

ዓሣ ግን በሌላም ቦታ ይጣላል። አባ ኮዳ እዚህ የሚሰነብተው ሌላ ነገር ስላለ ነው። አንደኛው የሐይቁ ዳር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 20 ሜትር ገደማ ቢደርስም ዳር ዳሩን ቄጠማና ፊላ የበዛበት፣ ወፍ ቆሞ ሊሄድበት የሚችል ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ። አባ ኮዳ አይዋኝም፣ አይጠልቅምም። በእግሩ ቆሞ የማይደርስበት ውሃ ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ዛፍ ነው። እኔ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ የማምነው ይሄንን ነው። ከሐይቁ ዳር ያሉት እነዚያ አሮጌ ዋርካዎችና ሾላዎች ባይኖሩ አባ ኮዳ ቁርሱን በልቶ ይሄድ ነበር። ሲመሽ ቀና ብላችሁ እዩ። ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ጥቁር ቅርጾች እነሱ ናቸው። ዘጠኝ ኪሎ ወፍ የሚሸከም፣ ከፍ ያለ፣ ላዩ ገላጣ የሆነና ክንፍ ለመዘርጋት የማያደናቅፍ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ዋርካ ተቆርጦ በዘንባባ ሲተካ ለመናፈሻው ያምርበት ይሆናል። ለአባ ኮዳ ግን ማደሪያው ፈረሰ።

ሰው ባይኖር ምን ይበላ ነበር?

የበሰለ አዳኝ ነው። ሰው ምግብ ሳይጥልለት በፊት ለሺህ ዘመናት ራሱን ችሎ ኖሯል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ምንቃሩን ገርበብ አድርጎ ያስገባና ይጠብቃል። ዓሣ ወይም እንቁራሪት ሲነካው ይዘጋዋል። ሜዳ ላይ አንበጣ፣ ምስጥ፣ አይጥ፣ እንሽላሊት፣ እባብ ይለቅማል። የሣር ቃጠሎ ካየ ከእሳቱ ፊት ፊት እየተራመደ የሚሸሸውን ሁሉ ይሰበስባል። ማሽላ የሚያወድሙት ወፎች የጋራ መፈልፈያ ላይ ሲደርስ ጫጩቶቻቸውን ከጎጆ እያነሳ ይውጣል። በኬንያ ሐይቆች ዳር ፍላሚንጎ ሲያድንም ታይቷል።

ጥንብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጥንብ አንሳዎቹን ይጠብቃል። እነሱ ቆዳውን ቀደው ሥጋውን ሲያወጡ ከመሃላቸው ገብቶ ቁራጭ ይቀማል። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ ወራዳ ወፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሞተ ነገር ሳይበሰብስ የሚያነሳ ፍጥረት ለአካባቢው ጽዳት የሚሠራ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጫጩት ሲያሳድግ የሥጋና የቆሻሻ ቁራጭ ብቻ አይበቃውም። ጫጩቶቹ አጥንታቸው እንዲጠነክር ከነአጥንቱ የሚዋጥ ትንንሽ እንስሳ ይፈልጋሉ፤ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ አይጥ። ስለዚህ የቆሻሻ መጣያ ትልቁን ወፍ ሊመግብ ይችላል፣ ቤተሰብ ለማፍራት ግን ረግረግ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ የት ይገኛል?

ዋና አገሩ ስምጥ ሸለቆ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቆቃ ላይ ታገኙታላችሁ። ዝዋይ ወይም ደንበል ሐይቅ ዳር ባቱ ከተማ ላይ የጀልባ ማቆሚያው አጠገብ እንደ ሐዋሳው ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀላቅሎ ይውላል። ለማየት ከሐዋሳ ቀጥሎ የምመክረው ቦታ ያ ነው። ከዚያ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ ወደ ታች ሲኬድ አባያና ጫሞ አሉ። አዋሽ ፓርክ አካባቢ፣ ኦሞ ሸለቆ፣ ጋምቤላም ይታያል።

ካርታ ላይ ብታስቀምጡት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ቆላና ወይና ደጋ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ውሃ አጠገብ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ከፍ ያለ ብርዳም ደጋ ላይ ብዙም አይመቸውም። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥም አይገባም፣ ለዚያ ክንፍ የሚሆን ቦታ የለማ።

እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ አሞራ ገደል ብቻ አይደለም። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ጉማሬ በሚታይበት ረግረግ በኩልም ያገኙታል። እዚያ ያሉት ከአሞራ ገደሎቹ ይለያሉ። ሰው ሲጠጋ ይርቃሉ።

ከኢትዮጵያ ውጭስ?

ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ አብዛኛው አገሩ ነው። በምዕራብ ከሴኔጋል ይነሳል፣ በሳህል በኩል ሱዳንንና ኢትዮጵያን ይዞ ወደ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ይወርዳል። ደቡቡ ጫፍ ላይ ቦትስዋና፣ ዚምባብዌ፣ ኢስዋቲኒና የደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛሉ። የኮንጎ ጥቅጥቅ ደን መሃሉን አይነካውም። ድርቅ ያለውን በረሃም አይወድም።

ከተማ ውስጥ በመኖር የሚታወቀው በካምፓላ ነው። እዚያ መንገድ ዳር ባሉ ዛፎች፣ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሳይቀር ጎጆ ሠርቶ ይፈለፍላል። ናይሮቢ ላይም መኪና ከሚተራመስበት አውራ ጎዳና አጠገብ ግራር ላይ ጎጆው ይታያል። ስለዚህ የሰውን ጫጫታ አይፈራም። የሚያስጨንቀው የዛፉ ነገር ነው።

እስያ ውስጥ ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሉት። ከሁለቱ የትልቁ ታሪክ ለእኛ ይጠቅማል። ይሄ ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንዷ ኮልካታ ከተማ ሞልቶ ነበር። ቆሻሻ እያነሳ፣ ጣሪያ ላይ እየቆመ ይኖር ነበር። የከተማው ምክር ቤት ዓርማ ላይ እስከመቀመጥ ደርሶ ነበር። ዛሬ ኮልካታ ውስጥ የለም። በዓለም ላይ በጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ በሕንድ አሳምና ቢሃር፣ በካምቦዲያም።

አሳም ውስጥ ፑርኒማ ዴቪ ባርማን የምትባል የሥነ ሕይወት ባለሙያ አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሰው በግቢው ያለውን ዛፍ ሲቆርጥ ጎጆው ከነጫጩቶቹ ሲወድቅ አየች። ባለቤቱን ስትጠይቀው ወፉ የሚያቆሽሽና ገድ የሌለው ነው ብሎ መለሰላት። እሷ ከዚያ ጀምራ የመንደሩን ሴቶች አሰባሰበች። ዛፉ የሚቆመው በግል ግቢ ስለሆነ የዛፉን ባለቤት ማሳመን ነበረባቸው። የወፉን ምስል ጨርቅ ላይ እየሸመኑ ሸጡ፣ ለጎጆው እንደ ነፍሰ ጡር ሴት ድግስ ደገሱለት። እንቅስቃሴው ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያሰባሰበ ሲሆን እሷም እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሽልማትን አገኘች። ይሄን ታሪክ የማነሳው በኮልካታ ወፉ የተትረፈረፈ ስለነበር ነው። ማንም ይጠፋል ብሎ አልጠረጠረም።

ክረምት ሲመጣ የት ይሄዳል? ከአውሮፓ የሚመጣ ነው?

አይ፣ አፍሪካዊ ነው። ከአውሮፓ ደርሶ የሚመለሰው ነጩ ሽመላ ነው። ያ በእኛ በጋ ይመጣል፣ ሜዳና ማሳ ላይ አንበጣ ሲለቅም ይታያል። ነጩ ሽመላ ወደ አፍሪካ እንደሚመጣ አውሮፓውያን ያመኑበት መንገድ አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን አገር አንድ ሽመላ ተገደለ። አንገቱ ውስጥ ረጅም የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ነበር። ተወግቶ፣ ጦሩን ይዞ ነው እስከዚያ የበረረው። ወፉ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል።

አባ ኮዳ ግን እዚሁ አህጉር ውስጥ እንደ ዝናቡ፣ እንደ ውሃውና እንደ ምግቡ ይዘዋወራል። ቀን ቆጥሮ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ኩሬዎች ሲደርቁ ዓሣ ወደሚታጎርበት ይሄዳል፣ አንበጣ ወደ ፈላበት ይሄዳል። አሞራ ገደል ላይ ያሉት ዓመቱን ሙሉ የሚታዩት ምግቡ ስለማይቋረጥ ነው። ቁጥራቸው ከወር ወር ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ባዶ አይሆንም።

የት ነው የሚፈለፍለው? ምን ዓይነት ዛፍ ይመርጣል?

በቡድን ነው። አንድ ዛፍ ላይ ብዙ ጎጆ ይሠራሉ፣ ከሌሎች ወፎች ጋር ተደባልቀውም ሊሆን ይችላል። ጎጆው የእንጨት ጭራሮ የተደራረበበት መደብ ነው፣ መሃሉ በቅጠልና በለስላሳ ነገር ይነጠፋል። ከመሬት ከ10 እስከ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርገዋል። ግራር፣ ዋርካ፣ ሾላ፣ አንዳንዴም ገደል ይጠቀማል።

የሚጥለው ከ2 እስከ 3 እንቁላል ነው። እናትና አባት እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፉታል። ከዚያ ጫጩቱ ጎጆ ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ይቆያል። ለመፈልፈል የሚደርሰው በ4 ዓመቱ ገደማ ነው። አስሉት፤ አንድ ዛፍ ቢወድቅ የሚጠፋው የአንድ ቀን ነገር አይደለም። የበርካታ ቤተሰብ የአራት ወር ሥራ ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ተመልሰው የሚጠቀሙበትን ቦታ ያጣሉ።

ጊዜውም ከውሃ ጋር ይያያዛል። አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ ሲያበቃ ይጀምራል፣ በበጋ ያሳድጋል። ይሄ መጀመሪያ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል። ሌሎች ወፎች ልምላሜ ሲመጣ ነው የሚፈለፍሉት። ለአባ ኮዳ ግን በጋው ይሻለዋል። ኩሬው ሲሸሽ ዓሣውና እንቁራሪቱ ትንሽ ቦታ ላይ ይታጨቃል፣ ለመያዝ ይቀላል። ጫጩቶቹ የሚበዛ ምግብ በሚፈልጉበት ወቅት የተዘጋጀ ገበታ ያገኛሉ ማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት ለምን አይበርም? ታሞ ነው?

ጤነኛ ነው። ከባድ ወፍ ስለሆነ ክንፉን እያራገበ ርቆ መሄድ ያደክመዋል። መሬቱ ሞቆ ሞቃት አየር ወደ ላይ እስኪወጣ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ ያንን አየር ይይዝና ክንፉን ሳያንቀሳቅስ እየዞረ ይወጣል። ታቦር ተራራ ላይ ሆናችሁ ረፋዱን ብትጠብቁ ከዓይናችሁ ደረጃ ሲያልፉ ታያላችሁ። መሬት ላይ እንደ ተጎነበሰ ሽማግሌ የነበረው ወፍ ሰማይ ላይ ሌላ ፍጥረት ነው።

ከታች ሆናችሁ ለመለየት አንገቱን ተመልከቱ። ሌሎች ሽመላዎች አንገታቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይበራሉ። አባ ኮዳ ሰብስቦ ትከሻው ላይ ያሳርፈዋል።

እግሩ ለምን ኖራ የተቀባ ይመስላል?

በተፈጥሮው ጥቁር ግራጫ ነው። ነጩ የራሱ ኩስ ነው። ሙቀት ሲበረታ እግሩ ላይ ይለቅበታል፣ እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዘዋል። ሰው ላብ እንደሚያልበው ማለት ነው። ስለዚህ ነጭ እግር ያለው አባ ኮዳ ስታዩ ቆሻሻ ነው አትበሉት፤ በሙቀት አገር ለመኖር ያገኘው መላ ነው።

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ምግብ ማጠራቀሚያ ነው?

ሁሉም እንደዚያ ያስባል። አይደለም። አየር ነው ያለበት። ከአፍንጫው ቀዳዳ ጋር የተገናኘ ነው። የሚነፋው በአብዛኛው ለተቃራኒ ጾታና ለተቀናቃኝ ራሱን ሲያሳይ ነው። ሁለተኛ፣ ትንሽ ቀይ እብጠት ማጅራቱ ላይ አለ፣ እሱም እንዲሁ ይነፋል።

ድምፅም ብዙ የለውም። ጎጆው ላይ ሲሆን ምንቃሩን እያንቀጫቀጨ ያወራል።

ከሌሎች ሽመላዎች እንዴት እለየዋለሁ?

ራሱ ራሰ በራ ከሆነና አንገቱ ላይ ከረጢት ካለ ጨረሳችሁ። ግን ሌሎቹንም ማወቅ ደስ ይላል። ምንቃሩ ቢጫ፣ ፊቱ ቀይ፣ ላባው ነጭ ከሆነ ቢጫ ምንቃሩ ሽመላ ነው፤ እሱም ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ከፍቶ ዓሣ ይጠብቃል። ምንቃሩ መሃል ላይ ክፍተት ኖሮት የማይገጥም የሚመስለው ቀንድ አውጣ በሊታው ነው። ምንቃሩ ቀይና ጥቁር ሆኖ ላዩ ላይ ቢጫ ኮርቻ የመሰለ ነገር ያለው፣ ቁመቱም ከአባ ኮዳ ጋር የሚፎካከር አለ፤ እሱ ዓይናፋር ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሰው በሌለበት ረግረግ ይኖራል። አገኛችሁት ማለት ቦታው ገና ጤነኛ ነው።

ሰው ይተናኮላል? በሽታስ ያስተላልፋል?

ሰውን አያጠቃም። ግን ምንቃሩ ጠንካራ ነው። እጁ ላይ ዓሣ የያዘ ሕፃን ቁመቱ ከአባ ኮዳ ያነሰ ነው፣ ወፉ ደግሞ እጅና ዓሣን አይለይም። ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቁ። በእጅ አታጉርሱት። ለፎቶ ብላችሁ ክንፉን አትያዙት፤ ይሄን የሚያደርጉ ሰዎች ሳይ በጣም ያናድደኛል።

በሽታን በተመለከተ፣ ቆሻሻና ጥንብ ላይ የሚውል ወፍ ነውና ኩሱን ነክታችሁ ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። ዛፉ ሥር ቁጭ ብላችሁ አትብሉ። እነሱ የሚያድሩበት ዛፍ ሥር ያለው መሬት ነጭ ስለሚሆን ለማወቅ አይከብድም።

ቁጥሩ እየቀነሰ ነው? ለመጥፋት ተቃርቧል?

በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ውስጥ አይደለም። ከተሞች ሲያድጉ፣ ቄራና የቆሻሻ መጣያ ሲበዛ እንዲያውም ብዙ ቦታ ተስፋፍቷል። ይሄን ስሰማ ግን ሙሉ በሙሉ አልረጋጋም። የወፉ መብዛት የቦታውን ጤና አይናገርም፤ ቆሻሻ መብዛቱን ብቻ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ሐዋሳን ውሰዱ። ከከተማዋ ምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር። ከ50 ዓመት በፊት የተንጣለለ ውሃ ነበር። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ሞላውና ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። የጨለለቃን ውሃ ይዞ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ጥቁር ውሃ ነው። ረግረጉ ደለሉን ካላስቀረው ደለሉ ወደ ሐይቁ ይመጣል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። የገባው ፕላስቲክ፣ የገባው ኬሚካል እዚያው ይቀራል።

አባ ኮዳ ያኝካል እንዴ? አያኝክም ብያለሁ። ዓሣ የተጠቀለለበትን ፌስታል ከነሽታው ይውጠዋል። የተጣለ የመረብ ቁራጭ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። የአምባዛ መንጠቆ ያለበትን አንጀት ከዋጠ ጉሮሮው ላይ ይሰካል። ዳር ላይ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የቆመ አባ ኮዳ ካያችሁ አርፎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ክር መኖሩን ተመልከቱ።

ለማየት ጥሩው ሰዓት መቼ ነው?

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት አሞራ ገደል። ጀልባዎች የሚገቡት፣ ዓሣ የሚጸዳው ያን ጊዜ ነው። ባጃጅ ከየትም ይወስዳችኋል። ብርሃኑ ለፎቶም ጥሩ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ማደሪያ ዛፋቸው ሲመለሱ ይታያሉ፤ ያኔ ዓሣ ላይ ሲራኮቱ ሳይሆን በራሳቸው ዓለም ሲኖሩ ነው የምታዩአቸው። እኔ ማታውን እመርጣለሁ። ሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ ጥቁር ውሃ በኩል ያሉት አያስጠጉም።

ክር የተጠመጠመበት ወይም የተጎዳ ባገኝ ምን ላድርግ?

ብቻችሁን አትያዙት። መብረር የሚችል ከሆነ ማባረር ጉዳቱን ያባብሰዋል። መብረር ካልቻለ ዓሣ አጥማጆቹን ጥሩ፤ ከእናንተ ይልቅ ወፉ ለምዷቸዋል፣ አያያዙንም ያውቃሉ። አንዱ ከኋላ በጨርቅ ራሱን ይሸፍን፣ ዓይኑ ሲጨልምበት ይረጋጋል። ምንቃሩን አጥብቆ ይያዝ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ ግን አይዝጋ። ፊታችሁን አርቁ። ሌላው ክሩን በመቀስ ይቁረጥ። መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ አትጎትቱት፤ ክሩን አሳጥራችሁ ለእንስሳት ሐኪም ተዉት። የቆረጣችሁትን ክር ደግሞ ኪሳችሁ ክተቱ፣ እዚያው ዳር ላይ አትጣሉት።